አንዲት አጭር ጢጥ

ባለፈው በጋ ከመቂ የመጡ እናት አንድ አሮጌ ሲፒዩ በነጠላ ጠቅልለው፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስገብተው፣ አዳማ ያለው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላቸው። «ልጄ፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ይግዙ አሉኝ። የሰው ውል፣ የተማሪ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ካቻቪቴ ከማንሣቴ በፊት «ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራ ምን ሆኖ ነበር እትዬ?» አልኳቸው። «መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቦግ ብሎ ወዲያው ጠፋ» አሉኝ። ጎረቤታቸው ወፍጮ ቤት መሆኑን የነገሩኝ ግን ሻይ ስንጠጣ ነው፤ ግማሹ ምርመራ እዚያ አለቀልኝ። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ፣ እየሠራ ሳለ ከሚስበው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ያን ጊዜ መስመሩ ላይ ያለው 220 ቮልት ይወርዳል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ የኮምፒውተሩም ፓወር ሰፕላይ ይጨነቃል። በየቀኑ ስንት ጊዜ!

በእኛ አገር ደግሞ አቧራ አለ። የስምጥ ሸለቆው አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ። አዳማ ዳርቻ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ ማመንጫዎች 136 ማማዎች ተክለው እስከ 204 ሜጋ ዋት የሚያወጡት ከነፋሳችን ነው። ያው ነፋስ አፈሩን አንሥቶ በመስኮት ያስገባዋል፤ የሳጥኑ ፋን ደግሞ ይስበዋል።

ከሶኬት ነቅዬ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲፈስ የማብሪያውን ቁልፍ ዐሥር ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩ። ጎኑን ስከፍት አቧራና የእህል ዱቄት ተጋግረው ፋኑ ላይ እንደ ድሪቶ ተደርበዋል። በብሩሽ አራገፍኩ፤ በብሎወር ስነፋ ፋኑን በጣቴ ያዝኩት፤ ካልያዙት በንፋሱ ኃይል ያለልክ ሲሽከረከር ይጎዳል።

ከዚያ ማራቆት ነው። ሃርድ ዲስኩን፣ ሲዲ ማጫወቻውን፣ ካርዶቹን፣ ራሙንም ሳይቀር አወጣሁ። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ዕቃ እየቀየሩ ነው ጥፋት የሚፈልጉት። እኔ አልወደውም፤ ያልተበላሸውን የሚያስገዛው ደንበኛውን ነው። ሲያራቁቱት ግን ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ድምፅ ማውጫዋ እስካለች ድረስ፣ ራም የወጣለት ደህና ማዘርቦርድ ይጮኻል። ራም የለኝም ብሎ ለመጮኽ ቦርዱም ፕሮሰሰሩም በሕይወት መኖር አለባቸው። ያን ጩኸት ስሰማ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

የእትዬ ሳጥን ግን ዝም አለ። ስለዚህ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ዞርኩ። ከቦርዱ ነቅዬ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁ፤ ፋኑ ሩብ ዙር ዞሮ ቆመ። ደግሜ ስሞክር ለጥቂት ሰከንድ ዞረ፤ በቢጫው ሽቦ ላይ በቴስተር ስለካው ከ10 ቮልት በታች ነው። 12 መሆን ነበረበት፤ ቢያንስ ቢያንስ 11.4። ክዳኑን ስከፍት ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት የሁለት ካፓሲተሮች አናት እንደ ዳቦ ተነፍቷል። እኔ ጋ ለሚማሩ ልጆች ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር አለ፤ ከሶኬት የተነቀለ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል። ሳትለኩ እጃችሁን አትስደዱ።

ከመደርደሪያዬ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ፓወር ሰፕላይ አወረድኩ። ከኋላው ያለችውን ቀይ የቮልት መምረጫ አይቼ ነው የሰካሁት። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ሳጥን ብዙ ጊዜ ይቺ መምረጫ 115 ላይ እንደሆነች ይመጣል። በእኛ 220 ላይ ሲሰካ አንዴ «ጧ!» ይልና ያበቃል። ዘመድ የላከውን ዕቃ በደስታ ሰክተው፣ የተቃጠለ ሽታ ይዘው የመጡ ስንት ሰዎች አይቻለሁ።

ራም የሌለው ቦርድ ጮኸ። እትዬ ደነገጡ፤ እኔ ሳቅኩ። የራሙን ወርቅማ ጥርሶች በላጲስ አሽቼ፣ ጠርጌ መለስኩት። ቁልፉን ስጫን አንዲት አጭር ጢጥ አለ፤ ሞኒተሩም በራ።

ስክሪኑ ላይ የወጣው ቀን ጃንዋሪ 1፣ 2003 ነበር። 3 ቮልት መስጠት የነበረባት ክብ ባትሪ ካለቀች ሰነባብታለች፤ ያስተዋለ ግን የለም። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የእኛው ቀን ነው፤ ሰዓቱም በእኛው አቆጣጠር በእጅ ሰዓት ነው የሚታየው። በሌላ አገር ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት የሚታይ ምልክት እኛ ጋ ዓመት ይደበቃል። እኔ ግን ሁልጊዜ አያታለሁ። ባትሪዋን ቀየርኩ።

«ፋይሌስ?» አሉኝ። ዲስኩን መልሼ አስነሣሁትና ማህደሮቹን አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው። የ2009 ዓ.ም. የቤት ኪራይ ውል ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በፍላሽ ቅጂ ሰጠኋቸው። ሳጥኑን ከመሬት አንሥተው ጠረጴዛ ላይ እንዲያኖሩት፣ ከወፍጮው ግድግዳ ራቅ እንዲያደርጉት፣ መብራት ሲሄድም ነቅለው፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ቆይተው እንዲሰኩት ነገርኳቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ነጠላውን አራግፈው ሳጥኑን እንደገና ጠቀለሉት። «እቤት ሲደርስም እንዲህ ሸፍኜ አኖረዋለሁ» አሉኝ።

«ሲጠፋ ብቻ እትዬ» አልኳቸው። «ሲሠራ ይተንፍስ።»