የክረምት ክር

ክር በክረምት ይበረታል። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን መሬት ውስጥ የሚከተው ለመርገጫው ቦታ ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ከአፈሩ የሚወጣው እርጥበት ድሩን ያለዝብለታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ የከተማችንን የማክሰኝትን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ድር ሳይበጠስብኝ እሠራለሁ። ጥርና የካቲት ላይ ግን ደረቅ ነፋስ ይነሣል። ያን ጊዜ መወርወሪያውን ጥቂት ሳመላልስ አንዱ ክር ይበጠስና ጎንበስ ብዬ ስቀጥል እውላለሁ።

ገበያው የሚሄደው በተገላቢጦሽ ነው። ክረምት ገበሬው ጎተራውን ጠርጎ የዘርና የማዳበሪያ ዕዳውን የሚቆጥርበት ወቅት ስለሆነ ጋቢ ልግዛ የሚል የለም። ጤፉ ታጭዶ፣ ሽምብራው ተወቅቶ ሰው እጁ ላይ ብር የሚያገኘው፣ ሠርጉም ገናውም ጥምቀቱም የሚደርሰው ክሩ በሚሰባበርበት ወራት ነው። ደሞዜን ትቼ የአባቴ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ዘመድ ወዳጁ ብዙ ነገር አስጠንቅቆኛል። እጅ የሚቀናበት ወርና ብር የሚገኝበት ወር እንደማይገናኙ ግን የነገረኝ አልነበረም። አባቴም አልነገረኝ፤ ለእርሱ እንደ ፀሐይ መውጣት ያለ ነገር ስለሆነ የሚነገር አይመስለውም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ። በጠብ አልለቀቅኩም፤ አለቃዬም ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራዬ ከየቀበሌው የሚመጣ ቁጥር ሰብስቦ የወር ሪፖርት ማዘጋጀት ነበር። አንድ ጊዜ ከእኔ ጠረጴዛ የወጣ አንድ ቁጥር ስሕተት መሆኑን በማግስቱ አየሁ። ላስተካክል ብል «አንዴ ተልኳል» ተባልኩ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ፣ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደመረ፣ ዓመቱም አለቀ። ደሞዜ ግን በሠላሳው ቀን ሳይጎድል ገባ። ለብዙ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ስፈርም ያ ቁጥር ይታወሰኛል።

ደሞዝን የሚንቅ ሰው ደሞዝ አልቀመሰም። በየወሩ 7 በመቶ ከእኔ ይቆረጣል፣ 11 በመቶ መሥሪያ ቤቱ ይጨምርበታል፤ 60 ዓመት ሲሞላኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምቀበለው ነገር ይኖረኛል። ልጅ ሲታመም የሕመም ፈቃድ አለ። ሱቅ በዱቤ ሲሰጡኝ ደሞዜ መቼ እንደሚገባ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ ትቼ ስወጣ እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። የከፋት የብሩ ነገር ብቻ እንዳልነበረ ኋላ ገባኝ። እኔን ያስተማረችኝ ከዚያ ጉድጓድ እንድወጣ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ «የአባት ሥራ» የሚል መጠይቅ ሲመጣ «ገበሬ» ብዬ እሞላ ነበር። አባቴ ትንሽ መሬት ስለነበረው ውሸት አይባልም፤ ያሳደገኝ ግን ሸማው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማ ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ ይቅር ብለው አዘዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እኔ የአባቴን ሥራ እደብቅ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል። የግል ሥራን ነፃነት የሚያወድስ ሰው በእኛ አገር ሁሉም የግል ሥራ እኩል እንደማይከበር ሊያውቅ ይገባል። ሱቅ ከፈትኩ ብል ኖሮ እናቴ እልል ትል ነበር።

በሸማ ሥራ ስሕተት ወደ ላይ አይላክም፤ ፊትህ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጋቢ አዘዙኝ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ክንድ ይጠይቃል። ድሩን በፋብሪካ ክር አደራሁ፤ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ሁለት ቀን ያህል ከሠራሁ በኋላ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ፀሐይዋ በበሩ በኩል አዘንብላ ስትገባ ጨርቁ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አየሁ። ሁለት ድሮች ተሻግረው ገብተዋል። አባቴ ጨርቅ የሚመረምረው በዓይኑ አልነበረም፤ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ከሥር በኩል ይስበዋል። እኔም እንደዚያ ሳብኩት። ጣቴ መስመሯ ላይ ስትደርስ ትያዛለች።

ድር ቢበጠስ ይቀጠላል። ድር ከተሻገረ ግን እስከ መጨረሻው ክንድ ድረስ ተሻግሮ ይሄዳል እንጂ በራሱ አይመለስም። ባለቤቴ መጥታ አየችና «ታጥቦ ሲታጠፍ ማን ያየዋል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ማንም አያየውም። በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ብር አልነበረም፤ ሴትዮዋ ቀሪውን የሚከፍሉኝ ጋቢውን ሲረከቡ ነው። ጥቂት ዝም ብዬ ተቀመጥኩና ማጉን መምዘዝ ጀመርኩ። የእጅ ፈትል አንዴ ተመትቶ ከገባ በኋላ ሲመዘዝ ይጎፍራል፤ ዳግመኛ ማግ አይሆንም። ሰባት ስምንት ልቃቂት ሙሉ ሌሊቱን ብናኝ ሆኖ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ባለቤቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ መብራቱን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከቢሮ ስወጣ ነፃነት ሲባል የሚታየኝ ጠዋት ፊርማ አለመፈረም ነበር። አሁን ከመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ቀድሜ እነሣለሁ፤ ጉድጓዱም ከወንበር ይልቅ ወገብ ይቆርጣል። ያገኘሁት ነገር ያበላሸሁትን የመፍታት ሥልጣን ነው። ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ስለዚህም የሚከለክለኝ የለም። በቢሮው ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያች ማታ፣ እየከሰርኩ፣ የተሰማኝን ዓይነት ዕረፍት አላገኘሁም።

«የራሴ ጌታ ሆንኩ» የሚለውን አባባል ግን አልወደውም። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች ከሥር ይሠሩለታል። ጥጥ መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶ ማድረግ፣ በእንዝርት መፍተል፣ ይህ ሁሉ በእኛ አካባቢ የሴቶች እጅ ነው፣ ዋጋውም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። በጀመርኩበት ዓመት ለአንዲት አሮጊት ፈታይ ጋቢው ሲሸጥ እከፍልዎታለሁ ብዬ ክራቸውን በዱቤ ወሰድኩ። ክረምት ነበርና ሳይሸጥ ቆየ። አንድ ማክሰኞ ገበያ ላይ አገኙኝና፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄ፣ ያንተ ጋቢ እስኪሸጥ የእኔ ምጣድ ይጠብቃል እንዴ?» አሉኝ። ደሞዝ ጠባቂ ሆኜ የኖርኩ ሰው ደሞዝ አዘግይ ሆኜ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባ ብር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፈታዮች ነው። ይህን ደንብ ያፈረስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልጄ ጎንደር ሆስፒታል የተኛች ጊዜ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁሉም ይጠቅሰዋል። ድር የሚያደራ ሰው ግን ሌላም ያውቃል። ክሮቹ እኩል ካልተወጠሩ ማበራቸው አያድናቸውም። አንዱ ከላላ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞርና የሚበጠሰው የጠበቀው ይሆናል። የፈታዩዋን ብር ሳዘገይ የላላሁት እኔ ነበርኩ።

አውራ አምባን ያየሁት ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት መንደር ነው። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ መተዳደሪያቸውን ሽመና አድርገዋል። ከሁሉ የገረመኝ ሴቶች ሲሸምኑ፣ ወንዶች ሲፈትሉ ማየቴ ነው። ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤትም አላቸው። እዚያ ቆሜ የ7 እና የ11 በመቶው ነገር ትዝ አለኝ። ደሞዝ የሌለው ሰው ጡረታ የግድ አይቀርበትም፤ ራሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ ማበጀት ግን አለበት፣ ይህም በአንድ ሰው ዕድሜ የሚያልቅ ሥራ አይመስለኝም። እኔ ያን ያህል አልሄድኩም፤ ያለኝ ዕድርና ዕቁብ ነው።

ዕቁቡ ግን የክረምቱን ነገር ፈታልኝ። ለዳኛው ችግሬን አስረድቼ፣ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተራ ተለዋውጬ፣ ዕጣዬ ሐምሌ ላይ እንዲሆን አደረግኩ። ነጋዴው የሚፈልገው ለበዓል ሸቀጥ ማስገቢያ ነው፣ እኔ የምፈልገው ክር በሚበረታበት ወር ክር መግዣ። አሁን ገዢ በሌለበት ወራት ለጥምቀት የሚሆነውን እሠራለሁ፤ ጎንደር ጥር 11 ነጭ ለብሳ ስትወጣ የሚለበሰው ነጠላ ነሐሴ ላይ የተመታ ነው። እርግጥ ሸማ ሲቀመጥ ሻጋታ አለ፣ አይጥ አለ። ስለዚህ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ከሣጥን አውጥቼ አናፍሳለሁ። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ጎንደር ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ እንደ ሌላ አገር ትሆናለች፤ የተሠራውም ይቀመጣል፣ ክሩም አይመጣም። ለዚህ መላ አላገኘሁም።

ለሠርጉ የታዘዘው ጋቢ በሰዓቱ ደረሰ፤ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ሴትዮዋ ዘርግተው አዩት፣ ጥለቱን ነካ ነካ አደረጉ፣ ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራከሩኝ፣ የቀረውን ሽምብራ ሲሸጥ ብለው ወሰዱት። ከሥር በኩል የመረመረው የለም።

እርሳቸው እንደ ወጡ አዲሱን ድር ጀመርኩ። ያለቀውን ጨርቅ ስቆርጥ የአሮጌውን ድር ጫፍ ሳላወጣ እተወዋለሁ፤ የአዲሱ እያንዳንዱ ክር በእርሱ ጫፍ ላይ ይቋጠራል። መቶዎቹ ክሮች በየተራቸው፣ አንዱም ሳይሻገር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ተቀምጣ ጫፎቹን እየለየች ታቀብለኛለች። ጣቶቿ ከእኔ ይቀላሉ። ሁለት አንድ ላይ ስታነሣ «ቆይ» ትልና ራሷ ትመልሳለች።