ግራ እጅ

ጥያቄው የተነሣው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ኪቦርዲስት ላፕቶፑ ላይ ችክችካውን ሠርቶ ጨርሷል፤ ይህን የሚጽፈው ድራመር ደግሞ ገና ስኔሩን እየቃኘ ነበር። ልጁ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ምቱ ሁሉ እዚህ አለ። እርስዎ ምን ይጨምሩበታል?» አለው።

ድራመሩ መልስ አልነበረውም። ቁጭ ብሎ መታ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወጣ። መልሱ የመጣለት ታክሲ ውስጥ ነው፤ ሳያስበው ግራ እጁ ጉልበቱን እየመታ ነበር።

ሁለትና አራት ላይ ስኔሩ ሲጮኽ መንገደኛውም ይሰማዋል። የስቱዲዮ ድራመር እንጀራ ግን ከዚያ ጩኸት አይደለም። በመካከል ያሉት፣ ባለሙያዎቹ «ጎስት ኖት» የሚሏቸው፣ ዱላው ከቆዳው ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ የሚወድቅባቸው ምቶች ናቸው ሰውየውን የሚያስቀጥሩት። ሲኖሩ ልብ የሚላቸው የለም። ሲወጡ ዘፈኑ እንደ አደረ ዳቦ ይደርቃል።

የዚህ ነገር አባት ለጸሐፊው ድራመሩ በርናርድ ፐርዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ለስቲሊ ዳን ባንድ «ሆም አት ላስት»ን ሲመታ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ከፈለው፤ አንደኛውንና ሦስተኛውን ለሃይ-ሃቱ ሰጠ፣ መሃለኛውን ግራ እጁ ስኔሩ ላይ በሹክሹክታ ሞላው። የቶቶ ባንድ ድራመር ጄፍ ፖርካሮ በ1982 የወጣውን «ሮዛና» ሲቀርጽ ከፐርዲና ከሌድ ዜፔሊኑ ጆን ቦናም መውሰዱን ራሱ ተናግሯል፤ አልደበቀም። ችክችካን በስድስት እየቆጠረ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ግራ እጁ የት መግባት እንዳለበት ያውቀዋል።

ማሽኑ ጠላት አይደለም። የእውነተኛ ድራም ድምፅ ተቀርጾ የተጫነበት ሊን ኤልኤም-1 በ1980 ገበያ ሲወጣ ብዙ ድራመሮች ሥራችን አለቀ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የስቲሊ ዳን «ጋውቾ» ግን ሁለቱንም ይዟል፦ «ሄይ ናይንቲን» ላይ መሐንዲሱ ሮጀር ኒኮልስ የሠራው ዌንደል የተባለ ማሽን አለ፣ «ባቢሎን ሲስተርስ» ላይ ፐርዲ ራሱ። ልጁም ቢፈልግ የእያንዳንዷን ምት ጉልበት በላፕቶፑ መቀነስ ይችላል። ግን አይቀንስም። ያልሰማውን ምት ማን ይጽፋል?

በዚህ የሚከራከሩ ሰዎች ድራመሩ ሃል ብሌን በ1963 ለ«ቢ ማይ ቤቢ» የመታውን መግቢያ ይጠቅሳሉ፤ ጥቂት ምት፣ ግዙፍ ድምፅ፣ ምንም ሹክሹክታ የለም። እሺ። ብሌን ብሌን ነው።

ክርክሩን ይበልጥ አስቂኝ የሚያደርገው የክላይድ ስታብልፊልድ ታሪክ ነው። ስታብልፊልድ የጄምስ ብራውን ባንድ ድራመር ነበር እንጂ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ የሚዞር አልነበረም፤ ያም ሆኖ ከእሱ በላይ በሰው ሥራ ላይ የተሰማ ድራመር ማግኘት ይከብዳል። ኖታ ማንበብ አያውቅም ነበር። ያደገው ቴነሲ ውስጥ፣ ቻታኑጋ፣ የፋብሪካና የባቡር ድምፅ እየሰማ ነው፤ ምቱንም ከዚያ እንዳገኘው ይናገር ነበር። በኖቬምበር 1969 ሲንሲናቲ ውስጥ «ፈንኪ ድራመር» ሲቀረጽ ብራውን ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ መድረኩን ለእሱ ለቀቀ፤ ግን ሶሎ እንዳይጫወት፣ የያዘውን ብቻ እንዲቀጥል አሳሰበው። እሱም ቀጠለ። ስምንት ባር፣ ወደ 20 ሰከንድ ገደማ፤ ግራ እጁ በየመሃሉ እየተንሾካሾከች።

ከዓመታት በኋላ የተቀረጸ ድምፅ ቆርጦ የሚደጋግመው ሳምፕለር ሲመጣ አቀናባሪዎቹ የሮጡት ወደዚያች 20 ሰከንድ ነው። ፐብሊክ ኤነሚ «ፋይት ዘ ፓወር» ላይ አስገባት፤ ሺኔድ ኦኮነር ሳትቀር ተጠቀመችባት። ዘፈኖቹ ከ1,000 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። በደራሲነት የተመዘገበው ግን ብራውን ነበር፣ ስለዚህ ስታብልፊልድ ከሳምፕሉ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አላገኘም። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ማዲሰን፣ ሰኞ ሰኞ ማታ ክለብ እየመታ ኖሮ በ2017 በ73 ዓመቱ ዐረፈ። ሲታመም የሕክምና ዕዳውን ከከፈሉለት አንዱ ፕሪንስ ነበር፤ ያ በሊን ማሽን «ዌን ዶቭስ ክራይ»ን የሠራው ፕሪንስ።

ጸሐፊው ታክሲው ውስጥ ያስታወሳት ግን ፐርዲንም ስታብልፊልድንም ሰምታ የማታውቅ አክስቱን ነው። ሠርግ ቤት ከበሮው የእሷ ነበር። አንዱ እጇ ትልቁን ፊት ሲመታ የሌላው ጣቶች ትንሹን ፊት እየነካኩ ክፍተቱን ይሞላሉ፤ አጨብጫቢዎቹ የሚደገፉት በዚያ ነበር። አንድ ጊዜ ታማ ሌላ ሰው ከበሮውን ያዘና ጭብጨባው ተበታተነ። ምን እንደጎደለ ማንም ሊናገር አልቻለም።

የመጀመሪያውን ካሴት ሲቀርጽ ወስዶ አሰማት። ሽፋኑ ላይ የድራመር ስም አልተጻፈም፤ አዘጋጁ ቦታ ጠበበኝ ብሏል። አክስቱ ማንበብ ስለማትችል ስሙን እንዲያሳያት ጠየቀችው፣ የለም አላት። የተከፈለውንም ነገራት። ካሴቱን አገላብጣ አየችና፣ «ለመሆኑ ምሳ አብልተውሃል?» አለችው።

አላበሉትም ነበር።