ያልተቀበረ ድርሰት፦ ስለ «ዳርክ ሻዶውዝ»ና ስለ ወዳጆቹ ጽናት

አንድ ድርሰት በሕዝብ ዘንድ የሚያገኘው ዕድሜ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሊቃውንት ምስጋና የሚገኝ ዕድሜ ነው፤ ድርሰቱ በትምህርት ቤት ይነበባል፥ ትውልድም ለትውልድ እንደ ውርስ ያስተላልፈዋል። ሁለተኛው ግን ሊቃውንት ሳያዩት ወይም አይተው ሲንቁት፥ ተራው ሰው ከልቡ ስላላወጣው ብቻ የሚገኝ ዕድሜ ነው። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያስተምራል፤ አዛዥና አስገዳጅ ሳይኖርበት ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚጠብቀው ነገር፥ የልቡ ጕድለት ወዴት እንዳለ ያሳያልና። በአሜሪካ አገር «ዳርክ ሻዶውዝ»፥ ማለት «የጨለማ ጥላዎች»፥ የተባለው የቴሌቪዥን ድርሰት ለዚህ ዓይነቱ ዕድሜ ጥሩ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድርሰቱ ኤ.ቢ.ሲ. በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ከጁን 27 ቀን 1966 እስከ አፕሪል 2 ቀን 1971 ድረስ ታየ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ግማሽ ሰዓት እየተሰጠው 1225 ክፍል ደረሰ። ዓይነቱ አሜሪካውያን «ሶፕ ኦፔራ» የሚሉት ነው። ይህም ስም የወጣለት በራዲዮ ዘመን የቤት እመቤቶች ቀን ቀን የሚሰሙትን ተከታታይ ድርሰት በማስታወቂያ ገንዘብ ያቆሙት የሳሙና ነጋዴዎች ስለ ነበሩ ነው። የእንዲህ ያለው ድርሰት ጕዳይ ዘወትር ጋብቻ፥ ቅናት፥ ሕመምና የውርስ ክርክር ነው። «ዳርክ ሻዶውዝ» ግን በዚሁ ላይ «ጎቲክ» የሚባለውን የቀድሞ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ባሕርይ ጨመረበት፤ ይኸውም አሮጌ ቤት፥ የተቈለፈ ክፍል፥ የተሸሸገ በደል፥ ሙታንም ከሕያዋን ጋራ የሚያደርጉት ሙግት ነው።

የድርሰቱ ጠንሳሽ ዳን ከርቲስ፥ አሳቡን ያገኘው በባቡር የምትጓዝ አንዲት ልጃገረድ በሕልሙ አይቶ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። ታሪኩም የሚጀምረው እንደ ሕልሙ ነው። ወላጆችዋን የማታውቅ ቪክቶሪያ ዊንተርስ የምትባል ወጣት የአንድ ሕፃን ሞግዚትና አስተማሪ ልትሆን በባቡር ተሳፍራ፥ በሜይን ግዛት ጠረፍ ላይ እንዳለ ወደ ተፈጠረው ኮሊንስፖርት ወደ ተባለው ከተማ ትሄዳለች። የምትቀመጥበት የኮሊንስ ቤተ ሰብ ቤት ኮሊንዉድ ይባላል፤ ከውጭ ሲታይ የሚያስፈራው ሕንጻ በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ከተማ የሚገኝ እውነተኛ ሕንጻ ነው። የቤቱ እመቤት ከግቢዋ ሳትወጣ 18 ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ እርስዋንም ሆና የተጫወተችው ቀድሞ በሲኒማ ስመ ጥር የነበረችው ጆን ቤኔት ናት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመልካቹ ጥቂት ስለ ነበረ ድርሰቱ የመቋረጥ ሥጋት ደረሰበት። ከርቲስም ከዚህ ወዲያ የሚፈራ ነገር የለም ብሎ በመጀመሪያ መናፍስትን፥ ቀጥሎም በአፕሪል 1967 ቫምፓየር አስገባ፤ ቫምፓየር ማለት ሌሊት ከሬሳ ሣጥኑ እየተነሣ የሕያዋንን ደም የሚመጥ ሙት ነው። ዊሊ ሉሚስ የሚባል ዋልጌ የተቀበረ ጌጣጌጥ ሲፈልግ በሰንሰለት የታሰረ ሣጥን ከፈተ፤ ከውስጡም እጅ ወጥቶ ጉሮሮውን ያዘው። በማግሥቱ በኮሊንዉድ ደጅ ቆሞ ከእንግሊዝ አገር የመጣሁ ዘመዳችሁ ነኝ ያለው ባርናባስ ኮሊንስ ይህ ሙት ነበረ። ባርናባስን የተጫወተው ጆናታን ፍሪድ የካናዳ ተወላጅ ሲሆን፥ የሼክስፒርን ተውኔት የለመደ፥ በየል ዩኒቨርሲቲም የተውኔት አዘጋጅነት ያጠና ሰው ነው። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ተቀጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤ እንደ ጎርፍ ስለ መጣለት እስከ መጨረሻው ቆየ። ሰዓቱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁበት ስለ ነበረ፥ የዚያ ዘመን ልጆች ቫምፓየሩ እንዳያመልጣቸው ወደ ቤታቸው ሲሮጡ እንደ ነበር ዛሬ ሸምግለውም ይተርካሉ።

ደም የሚመጥ ሙት እንዴት ሊወደድ ቻለ? መልሱ የሚገኘው በ1967 መጨረሻ ደራስያኑ ታሪኩን ወደ 1795 በመለሱ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ባርናባስ የባለጸጋ ልጅ፥ ጆሴት የምትባል ልጃገረድ ያጨ ጨዋ ወጣት ነበረ። ነገር ግን አስቀድሞ ወዶ የተዋት አንጀሊክ፥ የጆሴት ገረድ፥ መተተኛ ስለ ነበረች ረገመችው፤ ቫምፓየርም የሆነው ከዚህ ርግማን የተነሣ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ እንደ አውሬ ያየው የነበረውን ሰው እንደ በደለኛና እንደ ተበዳይ በአንድነት ያየው ጀመረ። ባርናባስ ይገድላል፤ ስለ ገደለም ያፍራል። ቤተ ሰቡን ይወዳል፤ የሚወዳቸው ሰዎች ማንነቱን ቢያውቁ ግን እንደሚያሳድዱት ያውቃል። በጠረጴዛቸው ተቀምጦ በትሕትና ያወጋል፤ ሊነጋ ሲል ወደ ሣጥኑ ይሸሻል። ግሬይሰን ሆል የተጫወተችው ሐኪሟ ጁሊያ ሆፍማን በመድኀኒት ልትፈውሰው ትደክማለች፤ ፍቅርዋንም በዝምታ ይዛ ትኖራለች።

የዚህ ድርሰት ኀይል ከዚህ ላይ ነው። ሶፕ ኦፔራ የቤት ውስጥ ምስጢር ድርሰት ነው፤ በየቤቱ የማይነገር ነገር አለ፥ ድርሰቱም ያንኑ እያነሣ ይጥላል። «ዳርክ ሻዶውዝ» ይህን ምስጢር ሥጋ አልብሶ፥ ካባ ደርቦ፥ የተኵላ ራስ ያለበት በትር አስይዞ በሳሎን አቆመው። በዘመዶቹ መካከል እየኖረ ማንነቱን የሚሰውር ሰው፥ ልጅም ቢሆን ዐዋቂ፥ ባርናባስን ሲያይ የራሱን ጭንቀት በሌላ ሰው ላይ ያያል። ፍርሀቱ ከሙቱ አይደለም፤ ሙቱ ራሱ ከሚፈራው ከመጋለጥ ነው።

የድርሰቱ ጕድለት ብዙ ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። በኒውዮርክ ስቱዲዮ በቪዲዮ ቴፕ ሲቀረጽ፥ ቴፑን ቈርጦ መቀጠል ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ የተበላሸው እንደ ተበላሸ ይታይ ነበር። የማይክሮፎኑ ጥላ በግድግዳ ላይ ይሄዳል፤ ዝንብ በተዋናዩ ፊት ላይ ታርፋለች፤ የመቃብር ድንጋይ ይወዛወዛል፤ ተዋናዩም ቃሉ ጠፍቶት ወደ ተጻፈበት ወረቀት በዓይኑ ይማትራል። ታሪኩም ከ1795 ወደ 1897፥ ከዚያም ሌላ ዕድል ወዳለበት ሌላ ዓለም ሲዘል፥ ትናንት የተባለውን ዛሬ የሚያፈርስበት ጊዜ አለ።

በጥበብ ሚዛን የሚመዝን ሰው በዚህ ስቆ ያልፋል። ነገር ግን ወዳጆቹ እነዚህን ስሕተቶች ቈጥረው፥ ለይተው፥ በፍቅር ያስታውሷቸዋል፤ ይህም የሚገባ ምክንያት አለው። ፈጽሞ የተዋበ ሥራ ተመልካቹን ከውጭ ያቆመዋል፤ ድካሙ የሚታይ ሥራ ግን ተመልካቹን ረዳት ያደርገዋል። ተዋናዩ ቃሉ ሲጠፋው ተመልካቹ አብሮ ይጨነቃል፥ ሲያገኘውም አብሮ ይተነፍሳል። ይልቁንም በፍሪድ ላይ የሆነው የሚደነቅ ነው። ቃል መያዝ የሚያስቸግረው ሰው ነበረና፥ በንግግሩ መካከል የሚያደርገው ማመንታትና በዓይኑ ውስጥ የሚታየው ድንጋጤ፥ ሊታወቅብኝ ነው ብሎ ከሚፈራው ከባርናባስ ድንጋጤ ጋራ አንድ ሆነ። የሰውየው ጕድለት ለገጸ ባሕርዩ እውነት ሆነለት። ይህን ማንም አልደረሰውም፤ ማንም ደግሞ ደግሞ ሊሠራው አይችልም።

በ1971 ድርሰቱ ሲቋረጥ መጨረሻው እንደ መጨረሻ አልነበረም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ታሪኩ በሌላ ዘመንና በሌላ ዓለም ስለ ነበረ፥ ፍሪድም ሌላ ሰው ሆኖ ይጫወት ስለ ነበረ፥ ባርናባስ ሳይሰናበት ቀረ። በመጨረሻው ቀን አንድ ድምፅ የቀረውን በጥቂት ቃል ተርኮ ዘጋው። ከደራስያኑ አንዱ፥ የግሬይሰን ሆል ባል ሳም ሆል፥ በዚያው ዓመት «ቲቪ ጋይድ» በተባለው መጽሔት ላይ ድርሰቱ ቢቀጥል ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ጻፈ፤ ባርናባስም ጁሊያን አገባ አለ። አንድ ደራሲ ለተቋረጠ ድርሰት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ መጻፉ የጠያቂውን ብዛት ያሳያል። ሥርዐቱ ያልተፈጸመለት ሙት በቤተ ሰቡ አሳብ ውስጥ እንደሚመላለስ፥ ይህም ድርሰት በተመልካቹ አሳብ ውስጥ ይመላለስ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ የተደረገው ሥራ የወዳጆቹ ነው። የዚያን ዘመን የቀን ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ ቴፓቸው እየተደመሰሰ ሌላ ነገር ይቀረጽበት ነበር፤ «ዳርክ ሻዶውዝ» ግን ከሞላ ጐደል ሙሉ ሆኖ ተረፈ። የጠፋው 1219 የሚል ቍጥር ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም በዘመኑ አንድ ተመልካች በቤቱ በቀረጸው ድምፅና በቆሙ ሥዕሎች ተጠግኖ ተመለሰ። ከ1975 ጀምሮ በልዩ ልዩ ጣቢያዎች እንደገና ታየ፤ በ1989 በቪዲዮ ካሴት ይሸጥ ጀመር፤ በ2012ም ሁሉም ባንድነት በ131 ዲቪዲ ተቀርጾ በሬሳ ሣጥን አምሳል በተሠራ ሣጥን ቀረበ። ወዳጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የራሳቸውን መጽሔት ያትሙ ነበር፤ ከ1983 ጀምሮም ለብዙ ዓመታት በዓል አደረጉ። በበዓሉ ካባ የለበሰ፥ ባለ ተኵላ ራስ በትር የያዘ፥ ጥቍር ፈርጥ ያለበት ቀለበት ያደረገ ሰው ብዙ ነበረ። ተዋንያኑ ይመጡ ነበር፤ ይጠየቁም ነበር፤ የቀድሞው ክፍል ባንድነት ይታይ ነበር። ፍሪድም በመድረክ ብቻውን ቆሞ የሚያስፈራ ታሪክ ያነብላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የልጅነት ናፍቆት ብቻ ነው የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። ናፍቆት መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ለነገሩ ሁሉ አይበቃም። በ1991 ከርቲስ ራሱ ድርሰቱን ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው ድርጅት በአዲስ ተዋንያን፥ በብዙ ገንዘብና በንጹሕ ሥራ መለሰው፤ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዜናም ሰዓቱን ተሻማበትና ከ12 ክፍል አላለፈም። በ2012 ደግሞ በልጅነታቸው ድርሰቱን የወደዱት ቲም በርተንና ጆኒ ዴፕ ለሲኒማ አቀረቡት፤ ግን ብዙውን ቀልድ አደረጉት፥ ከቀድሞዎቹ ወዳጆችም ብዙዎች አዘኑ። ናፍቆት በገዛ ልጅነቱ ሊስቅ ይችላል፤ እነዚህ ያዘኑት ሰዎች ግን የተሳቀው በልጅነታቸው ሳይሆን በእውነታቸው ላይ ስለ መሰላቸው ነው።

ለዚህ ሁሉ ትርጓሜ የሚሰጥ ነገር በድርሰቱ በራሱ ውስጥ አለ። ባርናባስ በ1967 ከሣጥኑ በወጣ ጊዜ በመጀመሪያ ያደረገው በደል ማጊ ኤቫንስ የምትባለውን የከተማውን ልጅ መስረቅ ነበር። የሞተችውን የጆሴትን ልብስ አለበሳት፤ የጆሴትን የሙዚቃ ሣጥን አሰማት፤ ጆሴት ነኝ በዪ አላት። ማጊ ግን ማጊ ነበረችና አልሆነችለትም፤ አምልጣ ሸሸች። የሞተውን ወዶ በሕያው ላይ ሊጭን የሚሞክር ሁሉ የሚደርስበት ይህ ነው። የ1991ና የ2012 ሥራዎች የጆሴትን ልብስ የለበሱ ሌሎች ሰዎች ነበሩ።

ይህ ትርጓሜ ግን በወዳጆቹም ላይ ይፈርዳል። ማንኛውንም አዲስ ነገር በአሮጌው ልክ ብቻ የሚለኩ፥ የእያንዳንዱን ክፍል ቍጥር ያወቁ እየመሰላቸው የድርሰቱን ልብ የሚረሱ በመካከላቸው አሉ፤ እነርሱም የሙዚቃውን ሣጥን ደጋግመው ከመክፈት በቀር ሥራ የላቸውም። ከትምህርት ቤት ሮጦ የመጣው ትውልድ እያረጀ ነው። ተዋንያኑም እያለፉ ናቸው፤ ፍሪድ በአፕሪል 2012፥ ለእንግድነት ለአፍታ የታየበት የበርተን ሲኒማ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ ዐረፈ፤ አንጀሊክን የተጫወተችው ላራ ፓርከርም በ2023 ዐረፈች። ከእንግዲህ ድርሰቱ የሚኖረው ያን ሩጫ ፈጽሞ ላልሮጡት ሰዎች ቢተላለፍ ነው።

ሊተላለፍም ይችላል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ዋነኛ ነገር የዘመን አይደለም። እፍረቱን ተሸክሞ በወገኖቹ ማዕድ የሚቀመጥ ሰው በየዘመኑ አለ፤ እንዲህ ያለውም ሰው የመቃብሩ ድንጋይ የወረቀት መሆኑን እያየ፥ የማይክሮፎኑንም ጥላ እያየ፥ ባርናባስን ያምነዋል። ወዳጆቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ የጠበቁት ይህን እምነት እንጂ የሬሳ ሣጥኑን ካልሆነ፥ ድካማቸው ከንቱ አልነበረም።