ከዕለት ወደ በዓል፦ የዐሥር ዓመት አለባበስ በሱሉልታና በአካባቢዋ

ስለ ልብስ የሚጻፍ ሐተታ በሀገራችን ብዙውን ጊዜ ከሁለት መንገድ አንዱን ይከተላል፤ አንደኛው ወጣቱ የአባቶቹን ልብስ ጥሎ የባዕድ ልብስ ለበሰ እያለ የሚያዝን የተግሣጽ ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው የባህል ልብሳችን በዓለም አደባባይ ታየ፣ ተከበረ እያለ የሚደሰት የውዳሴ ቃል ነው። ሁለቱንም ሐሰት ናቸው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ባለፉት ዐሥር ዓመታት፣ ይኸውም ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከእንጦጦ ጋራ ጀርባ በምትገኘው በሱሉልታ፣ እንደ እርስዋም አዲስ አበባን በከበቡት በሰበታና በቡራዩ የታየውን የአለባበስ ለውጥ በትዕግሥት የተመለከተ ሰው፣ ሁለቱም አባባሎች የነገሩን ሥር ሳይነኩት እንዳለፉ ይረዳል። የሱሉልታ ወጣት ሴት ከአያትዋ ይልቅ ብዙ የባህል ቀሚስ አላት፤ ይሁን እንጂ አያትዋ ሳምንቱን ሙሉ የምትለብሰውን ሀገርኛ ልብስ እርስዋ የምታወጣው ለዓመት በዓል፣ ለሰርግና ለፎቶግራፍ ነው። በእኔ አስተያየት የዘመኑ የፋሽን ታሪክ ዋና ነገሩ ይህ ነው፤ ልብሱ አልጠፋም፣ ከዕለት ኑሮ ወጥቶ ወደ በዓል ተሰደደ እንጂ።

ሱሉልታ ለዚህ ምርመራ የምትመች ቦታ ናት። እንጦጦን ተሻግሮ በጫንጮና በፍቼ አድርጎ ወደ ዐባይ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳዋን ውርጭ የሚመታው፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች የደጋ ከተማ ስለ ሆነች፣ ልብስ በዚያ ከጌጥነቱ አስቀድሞ የብርድ መከላከያ ነው። ስለዚህ የቀድሞው የሱሉልታ ሰው ዋና ልብሱ በአራት ድርብ የተዘጋጀው ጋቢ ነበረ፤ ጠዋት ከብት ሲያወጣ ተከናንቦት፣ ቀን አገልድሞት፣ ማታ ለብሶት ይተኛል። ከጋራው ወዲያ በስተ ደቡብ በኩል ደግሞ ሽሮ ሜዳ አለች፤ በዚያም ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በጉድጓድ አፍ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ከታች ባለው መርገጫ ላይ አሳርፈው፣ በድር መካከል መወርወሪያውን እያመላለሱ የዋና ከተማውን ነጠላና ቀሚስ ሲሠሩ ኖረዋል። ጥለት የሚባለው ጌጥ በተለይ የጥበበ እድ ሥራ ነው፤ ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቈጠረ ባለቀለሙን ክር በየመስመሩ ያስገባል፣ ከዚያም ማጉን ይመታል፤ የመስቀሉ ወይም የአልማዙ ቅርጽ የሚወጣውም ከዚህ ቈጠራ ነው። አንድ መስመር ቢዘለል ስሕተቱ እስከ ልብሱ ዳር ድረስ ይታያል።

እንግዲህ ለውጡ ከየት ጀመረ? ብዙዎች ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገበያውን ባጥለቀለቀው፣ ጥለቱ በመሣሪያ በታተመበት፣ ከሩቅ ምሥራቅ ፋብሪካዎች በመጣው ርካሽ ጨርቅ ያሳብባሉ። በርግጥም ከሩቅ ሲያዩት የሽሮ ሜዳን ጥለት የሚመስል፣ ሲቀርቡት ግን ቀለሙ በላዩ የተቀባ እንጂ በክሩ ውስጥ ያልተፈተለ ይህ ጨርቅ የሸማኔውን እንጀራ ክፉኛ ነክቶበታል፤ ሸማኔው ቀናት የሚደክምበትን መሣሪያው በደቂቃ ያትመዋልና። የሆነ ሆኖ የባህል ልብሳችን ቀድሞም ቢሆን ከውጭ ነገር ንጹሕ አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በየገበያው የተሸጠው አቡጀዲ የባሕር ማዶ ጨርቅ ነበረ፤ ለጥለት የሚሆነውም ባለቀለም ክር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከውጭ የመጣውን ሐርና የጥጥ ጨርቅ እየተረተሩ ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ደግሞ የድሬ ዳዋና የአቃቂ ፋብሪካዎች ክር ከሸማኔው ቤት ገብቶ፣ እናቶች በእንዝርት የሚፈትሉትን ፈትል ከድሩ ላይ ቀስ በቀስ አስወጣው። ስለዚህ የልብስን ንጽሕና የሚመረምር ዳኛ የትኛውን ዘመን መሠረት አድርጎ እንደሚፈርድ አስቀድሞ ሊነግረን ይገባል። የታተመው ጨርቅ አዲስ ነገሩ ባዕድነቱ አይደለም፤ ለአንድ ቀን ልብስ የሚበቃ መሆኑ ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚለበስ ልብስ ለብዙ ዓመት እንዲጸና ሆኖ መሠራቱ በገዢው ዘንድ እንደ ትርፍ ወጪ ይቈጠራል። የታተመው ጨርቅ የመጣውም ልብሱ ወደ በዓል ከተሰደደ በኋላ ነው፤ የስደቱ ምክንያት አይደለም፣ ተከታዩ ነው።

በዓላቱም በዙ፤ ከቊጥራቸው ይልቅ ልብስ መጠየቃቸው በዛ ማለት ይሻላል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን እያንዳንዱን ሕዝብ በአንድ የታወቀ ልብስ በመድረክ ላይ ማሳየትን ልማድ አደረገ፤ ይህም ለብዙ ተረስተው ለነበሩ ልብሶች ክብርን ሲያስገኝ፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በወረዳ፣ በዕድሜና በማዕርግ የነበረውን የአለባበስ ልዩነት ግን በአንድ የመድረክ ልብስ ሥር ሰበሰበው። ከ2010 ዓ.ም. የፖለቲካ ለውጥ በኋላ፣ በተለይም መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ በሆራ ፊንፊኔ በታላቅ ድምቀት ከተከበረ ወዲህ፣ በሱሉልታና በአካባቢዋ የኦሮሞ የባህል ልብስ የታየበት ኀይል ከዚህ በፊት አልታየም። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ፣ የገዳ ቀለሞች፣ በቀሚስ ዳር፣ በሻርፕ፣ በወንዶች ሸሚዝ አንገትና በሕፃናት ልብስ ላይ ሳይቀር ወጡ፤ ጨሌ በአንገትና በግንባር ተመለሰ፤ የሴቶች በትር የሆነው ሲንቄ በአደባባይ ተያዘ። ይህ ትንሣኤ በርግጥ የብዙ ዓመት ናፍቆት ፍሬ ነው፤ ደስታውን ያየ ሰው ፋሽን ብቻ ብሎ ሊያቃልለው አይችልም። ነገር ግን የሸዋ ኦሮሞ ገበሬና ባለፈረስ ለዘመናት በየዕለቱ የለበሰው የጥጥ ልብስ፣ በርኖሱና ጋቢው፣ በዚህ ትንሣኤ ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኘም፤ ከሦስት ቀለም ውጭ የሆነ ልብስ ባህላዊ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ሆኗልና። በጥምቀት ቀን ደግሞ የየሰፈሩ ወጣቶች አንድ ዐይነት ቲሸርት አሳትመው ታቦቱን ሲያጅቡ እናያለን። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ በዓል እንደ ጥንቱ ለነጩ ልብስ ታማኝ ሆኖ ቢኖርም፣ ከነጩ ነጠላ ጎን የታተመው ቲሸርት መቆሙን ያለ ብዙ ክርክር ተቀብሎታል፤ ሁለቱም ያን ቀን ይለበሳሉ፣ ሁለቱም በማግሥቱ ይታጠፋሉ።

በዚህ ላይ የሰርግ ነገር አለ። ሽምግልና፣ ቀለበት፣ ሰርግ፣ መልስና ቅልቅል ቀድሞ በአንድ ወይም በሁለት ልብስ የሚያልፉ ነበሩ፤ ዛሬ እያንዳንዱ ሥርዐት የራሱን ልብስ፣ ሚዜዎቹም በየሥርዐቱ አንድ ዐይነት ቀለም ይሻሉ። ለመልስ ካባ ያልደረበች ሙሽራ ጎደሎ የሆነች ይመስላታል። ካባ የመኳንንትና የካህናት ልብስ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ የማዕርግ ልብስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም መዳረሱን እንደ ትልቅ የማኅበራዊ ታሪክ ምዕራፍ ሊያየው ይገባዋል፤ እኔም አየዋለሁ፣ ምንም እንኳ የካባው የወርቅ ዘቦ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዘቦ በጣም የራቀ ቢሆን።

የዕለቱ ልብስስ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ሱሉልታ የራስዋ የሆነ መልስ አላት፤ እርሱም ቱታ ነው። ሜዳዋና አየርዋ ለሯጮች የተመቸ በመሆኑ የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የተሠራው በዚያ ነው፤ ከውጭ ሀገር ሳይቀር ሯጮች ለልምምድ ይመጣሉ፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ በአስፋልቱ ዳርና በሣሩ ላይ በቡድን የሚሮጡትን ወጣቶች ያላየ መንገደኛ የለም። የሯጩ ልብስ በጊዜ ብዛት የሯጩ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የባጃጅ ነጂው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የግንበኛውና የተማሪው ሆነ። ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከጋቢ ይልቅ ለሥራ ይቀላል፤ ከዚህም በላይ ለለባሹ አንድ የተስፋ ስም ይሰጠዋል፤ ቱታ የለበሰ የሱሉልታ ወጣት ባይሮጥም ሯጭ ሊሆን የሚችል ሰው ነውና። የአንድን አካባቢ ባህል በልብስ የሚመዘግብ ተመራማሪ ሱሉልታ ሄዶ የሰቀሉለትን የበዓል ቀሚስ ብቻ ቢመዘግብና ቱታውን ቢዘለው፣ ሥራውን ግማሽ እንደ ሠራ እቈጥረዋለሁ። በሌላው የዕለት ልብስ ረገድ ታሪኩ የከተሞች ሁሉ ታሪክ ነው፤ የዐሥሩ ዓመት መጀመሪያ በእግር ላይ የተጣበቀ ጠባብ ጅንስ ዘመን ነበረ፣ መጨረሻው ሰፊው ባጊ ሆነ፤ ማን ቀድሞ እንደ ለበሰ መከራከር አያስፈልግም፣ የስልኩ መስኮት ለሱሉልታም ለቦሌም እኩል ክፍት ነውና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የቦንዳው ነገር ነው። ሰልባጅ ብለን የምንጠራው፣ በቦንዳ ታስሮ በኮንትሮባንድ የሚገባው ያገለገለ ልብስ በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ በየገበያው መሬት ላይ ተዘርግቶ የብዙ ድሃ ቤተ ሰብ ዋና መልበሻ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ማዶ በሰበታ አቅጣጫ ደግሞ የቱርኩ አይካ አዲስ ፋብሪካ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ ለጀርመን ገበያ የጥጥ ሹራብና ከናቴራ ያመርት ነበር፤ በዕዳ ምክንያት ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ እስኪገባ ድረስ። በሰበታ እጅ የተሰፋ ከናቴራ በአውሮፓ ተለብሶ፣ አርጅቶ፣ በቦንዳ ተመልሶ በሱሉልታ መንገድ ዳር ቢሸጥ የሚያስገርም አይሆንም ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሀገሪቱ ዓለምን ታለብሳለች የሚል ታላቅ ተስፋ ነበረ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ኢትዮጵያን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ስታስወጣ ተስፋው ክፉኛ ተሰበረ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ለራስ ሀገር የዕለት ለባሽ የሚሆን፣ ከቦንዳ ጋር በዋጋ የሚወዳደር ልብስ የማምረት ነገር በዕቅዱ ውስጥ ሁለተኛ ቦታ እንኳ አልነበረውም፤ ፓርኮቹ የተተከሉት ለውጭ ገበያ ነበረና። የሸማኔውን ልብስ ወደ ዕለት ኑሮ ለመመለስ የሞከሩት ይልቁን ጥቂት የፋሽን ባለሙያዎች ናቸው፤ የሊያ ከበደ ለምለም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእጅ የተሸመነውን ጥጥ ቀላል የበጋ ልብስ አድርጎ ለባሕር ማዶ ገበያ አቀረበ፤ የፍቅርተ አዲስ የፍቅር ዲዛይንና የማሕሌት አፈወርቅ ማፊ ማፊ ደግሞ ጥለቱን በዘመናዊ ስፌት ላይ አሳድረው አሳዩ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ዋጋው ግን የሱሉልታን መምህርት ገና አላገኛትም።

የባዕድ ልብስ ክርክርም ቢሆን አዲስ አይደለም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ሚኒ ቀሚስ የባህል ወረራ ምልክት ሆኖ ተወገዘ፤ ነገሩም እስከ ፖሊስና እስከ ዩኒቨርሲቲው መዘጋት ደረሰ። የዚያን ቀን ተቃዋሚዎች ብዙዎቹ ኮትና ሱሪ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ ሱሪያቸው ከየት እንደ መጣ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ወዲህ በባህል ስም የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ በሴቶች ቀሚስ ርዝመት ላይ መውደቁና የወንዱ ልብስ ያለ ምርመራ ማለፉ በዚህ ዐሥር ዓመትም አልተለወጠም።

ከስደቱ የተረፉ ሁለት ልብሶች አሉ። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ነው፤ ምእመናን በሰንበት ጠዋት በትእምርተ መስቀል አጣፍተውት ይሄዳሉ፤ ለሐዘንም ጥለቱን ወደ ላይ መልሰው ይደርቡታል፤ የአለባበሱ ሥርዐት ሕያው ስለ ሆነ ልብሱም ሕያው ነው። ሁለተኛው ጋቢ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የክርም የጨርቅም ዋጋ ሲወጣ፣ አስቀድሞ በአዲስ አበባ የነበረው የልብስ ኪራይ በእነዚህ ከተሞችም ተስፋፋ፤ የመልስ ካባ፣ የሽምግልና ቀሚስ፣ የሚዜ ጥለት በቀን ሒሳብ ይከራያል፣ መያዣ ተቀብሎ፣ ቢቈሽሽ የማጠቢያውን አስከፍሎ። ጋቢን ግን ማንም አይከራየውም። ጋቢ ለአማች አባት ይሰጣል፣ ከአራስ ቤት ይገባል፣ ከሽማግሌ ትከሻ ላይ ይደረባል፣ በሱሉልታ ውርጭም ሌሊቱን ሙሉ ያስፈልጋል።