የማይሰጥበትን ማወቅ

ተለማማጅ የነርሲንግ ተማሪዎች ወደ ክፍላችን ሲመጡ መጠን አልጠይቃቸውም። መጠኑ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ሐኪሙም ጽፎታል። የምጠይቀው «ይህን መርፌ ይዘሽ አልጋው አጠገብ ስትደርሺ ምን ብታዪ ሳትሰጪ ትመለሻለሽ?» ብዬ ነው። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ትክክለኛው ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት የሚሉትን አምስቱን ግን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። ፋርማኮሎጂ ለነርስ ከሁሉ አስቀድሞ እጅን መቼ መሰብሰብ እንደሚገባ የሚያስተምር ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ትምህርት ቤት ግን አሰጣጡን ሲያስጠና ከርሞ ይህን በመጨረሻው ሳምንት ይነካካዋል።

ማግኒዥየም ሰልፌትን እንውሰድ። በእርግዝና ጊዜ በሚነሳ የደም ግፊት ምክንያት የሚያንቀጠቅጣቸውን እናቶች የሚያድን መድኃኒት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ማግፓይ የተባለው ጥናት በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶችን አካቶ፣ መድኃኒቱ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት እናት ወደ መንቀጥቀጥ የመግባት አደጋዋን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ይኸው መድኃኒት ሲበዛ ጡንቻን ያዝላል፤ የመተንፈሻ ጡንቻንም አይምርም። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽንቷ ባነሰ እናት ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ በየ4 ሰዓቱ ከሚወጋው 5 ግራም በፊት ሦስት ነገር ይታያል። ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ጉልበቷ በመዶሻ ሲመታ እግሯ መንጠር አለበት። ሽንቷም ባለፉት 4 ሰዓታት፣ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም። አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል። የጉልበቱ ምላሽ ትንፋሹ ሳይዳከም ቀድሞ ይጠፋልና፣ ያቺን ትንሽ መዶሻ ከኪሷ የማታወጣ ነርስ መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚሰጣትን ማስጠንቀቂያ አትሰማም። ትንፋሽ ከደከመ በደም ሥር ቀስ ተብሎ የሚሰጠው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔትም ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተዘጋጅቶ አጠገብ ይቀመጣል።

አንድ ሌሊት አንዲት ተማሪ የሽንት ከረጢቱን አይታ መርፌውን ያዝ አደረገችው። በከረጢቱ የነበረው በጣም ጥቂት ነበር። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ተከተለችው፤ ከእናትየዋ ጭን ሥር ታጥፎ አገኘችው። ሲቃና ሽንቱ ወረደ። ትንፋሹም የጉልበቱም ምላሽ ደህና ስለነበር ለሐኪሙ ነግረን ጥቂት ዘግይቶ ተሰጠ። ያቺ ልጅ ጥሩ ነርስ እንደምትሆን ያወቅኩት ቱቦውን ስትከተል ሳያት ነው። ማቆየት ሥራውን ትቶ መሄድ አይደለምና።

መጠን የሚሳሳተው ትዕዛዙ ላይ ብቻ ሳይሆን አምፑሉ ላይም ነው። ጄንታማይሲን በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ያለውም፣ 80 ሚሊ ግራም ያለውም አለ፤ ሁለቱም ትንንሽና ተመሳሳይ ናቸው። በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ 3 ኪሎ ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታዘዝለት በቀን አንዴ 15 ሚሊ ግራም ያገኛል። ከፊተኛው አምፑል 1.5 ሚሊ ሊትር ይሳባል፤ ከኋለኛው 0.375 ብቻ። ትናንት በነበረው አምፑል እጇ 1.5 መሳብ የለመደ ነርስ ዛሬ ባለ 80ው መጥቶ በልማድ ብትስብ ለሕፃኑ 60 ሚሊ ግራም ሰጠችው ማለት ነው፤ አራት እጥፍ። ጄንታማይሲን ኩላሊትንና የውስጥ ጆሮን ይጎዳል፤ የሕፃን ኩላሊት ደግሞ ገና አልጠናም። ጆሮው መጎዳቱን በዚያ ሳምንት ማንም አያውቅም። የሚታወቀው ልጁ አፉን የሚፈታበት ጊዜ አልፎ ዝም ሲል ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ በሚሊ ሊትር እንዲያወሩ አልፈቅድም። በሚሊ ግራም ያውሩ፤ አምፑሉን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ስሌቱን ወረቀት ላይ ይሥሩት፤ ሁለተኛ ሰው ደግሞ የእነሱን መልስ ሳያይ ለብቻው ይሥራው።

ሰዓት በአገራችን የራሱ ጣጣ አለው። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት ብዙ ጊዜ 6፣ 2፣ 10 ተብሎ ይጻፋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4 ማለት ነው። አዲስ ተማሪ ቁጥሩን እንዳለ በአበሻ ሰዓት ካነበበችው ግን ጠዋት 2፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 10 ላይ ትሰጣለች፤ ሦስቱ መርፌ በ8 ሰዓት ውስጥ ያልቅና ታካሚው 16 ሰዓት ባዶውን ያድራል። በየ6 ሰዓቱ ሲሆን ቁጥሮቹ በሁለቱም አቆጣጠር 6 እና 12 ስለሆኑ ስሕተቱ አይታይም፤ ለወራት ተደብቆ ይቆይና ትዕዛዙ ሲለወጥ ብቅ ይላል። እንደ አምፒሲሊን ያለው መድኃኒት ባክቴሪያውን የሚገድለው መጠኑ በደም ውስጥ ሳይወርድ እስከቆየ ድረስ ስለሆነ ያ ባዶ ሌሊት ለበሽታው ዕረፍት ነው። ጄንታማይሲን ግን የሚገድለው አንዴ ከፍ ብሎ ነው፤ ከወረደ በኋላም ሥራው ለጊዜው ይቀጥላል፤ በቀን አንዴ የሚበቃውም ለዚሁ ነው። ይህ የገባት ተማሪ ሰዓቱን በግድ አትሸመድድም።

መድኃኒት ከውጭ መድኃኒት ቤት የሚገዛበት ቀን ብዙ ነው። አስታማሚው በፌስታል ይዞት ይመጣል፤ ነርሷም ፌስታሉን የምትከፍተው እንደ ፋርማሲስት መሆን አለበት። ሴፍትሪያክሶን ለጡንቻ ተብሎ የተዘጋጀ ከሆነ ከማሟሟቻው ጋር ሊዶኬይን አብሮ ሊመጣ ይችላል። በዚያ የተበጠበጠ በደም ሥር አይሰጥም፤ ልብን ይጎዳል። በሪንገር ላክቴትም አይበጠበጥም፤ ከካልሲየሙ ጋር ይረጋል። ይህ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ሕይወት አጥፍቷል። ሰውዬው ገንዘቡን ከየት ከየት ለቃቅሞ ገዝቶት ሳለ «አይሆንም» ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም «አባቴ፣ መድኃኒቱ ራሱ ደህና ነው፤ የሚበጠበጥበት ውኃ ብቻ ይቀየር» ብሎ በአክብሮት ማስረዳት ይቻላል።

ፖታስየም ክሎራይድ ሳይቀጥን በደም ሥር አይገፋም፤ ልብን ያቆማል። እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ስለ ኢንሱሊን ግን እጨምራለሁ። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ብዙ ታካሚዎች ሳይነግሩን ይጾማሉ። ምግቡ ኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል፤ የጠዋቱ ኢንሱሊን ግን ገብቷል፤ እኩለ ቀን ላይ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይቃዣሉ። «እናቴ፣ ዛሬ ምን ቀምሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ከመርፌው በፊት መቅደም አለበት። ከምግብ ጋር የታዘዘውን ኢንሱሊን አቆይቶ ስኳሩን መለካት፣ ለሐኪሙ መንገር፣ ካስፈለገም የንስሐ አባታቸውን ወይም ቤተሰቡን ማነጋገር የነርስ ሥራ ነው። መጾማቸውን መገሠጽ ግን በሚቀጥለው ቀን እንዲደብቁን ከማድረግ በቀር ጥቅም አላየሁበትም።

በስም ረገድ አጭር ነገር አለኝ። «ወይዘሮ አስቴር ነዎት?» ተብሎ አይጠየቅም። ጆሯቸው የደከመም፣ ሰው ማሳፈር የማይወዱም «አዎ» ይላሉ። «ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ይባልና ከካርድ ቁጥሩ ጋር ይመሳከራል። የአልጋ ቁጥር መታወቂያ አይደለም፤ ሌሊት አልጋ ይቀያየራል።

መድኃኒት ያቆየች ተማሪ ፈርታ እንደምትቆም አውቃለሁ። ትዕዛዝ የጣሰች ይመስላታል፤ «አንቺ ማን ነሽና?» የሚላትም አይጠፋም። ስለዚህ አነጋገሩን እንለማመዳለን፦ «ዶክተር፣ የወይዘሮ አስቴርን ማግኒዥየም አቆይቼዋለሁ። ትንፋሻቸው 14 ነው፤ የጉልበታቸው ምላሽ ደክሟል። መጥተው ይዩልኝ።» ቁጥሩ ቀድሞ ሲነገር ክርክር ይቀንሳል። ከዚያ ቻርቱ ላይ ይጻፋል፤ ባዶ ሳጥን ትቶ መሄድ የለም፤ ቀጣይዋ ተረኛ ተረስቷል ብላ ልትሰጠው ትችላለችና። አልተሰጠም፣ ለምን፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ታዘዘ። በርክክብ ላይም ከተሰጡት በፊት ያልተሰጡትን እንዲያነቡ አደርጋለሁ፤ የሚረከበው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደነዚያ አልጋዎች ነው።