ስለ ቴያር ደ ሻርዳን መጽሐፍና ስለ ሰው አፈጣጠር

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ያለ ተማሪ ሳምንቱን በትምህርት ቤት የድንቅነሽን ነገር ይማራል፤ እሑድ ደግሞ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የአዳምን ነገር ይሰማል። የሚያስታርቅለት ሲያጣ ወይ አንዱን ይጥላል፤ ወይ ሁለቱን በልቡ ለየብቻ ቈልፎ ይኖራል።

ለማስታረቅ ከደከሙት አንዱ ፈረንሳዊው ካህን ቴያር ደ ሻርዳን ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ስም ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያ ጆሮ አይጥምም፤ ነገር ግን መጽሐፍ የሚመረመረው በቃሉ እንጂ በጸሐፊው ቆብ አይደለም። ይህ ሰው በቻይና የተገኘውን የጥንት ሰው ዐፅም ከመረመሩት አንዱ ነው፤ በ1929 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የጥንት ሰዎች ዋሻ አይቷል። «የሰው ክስተት» የተባለው መጽሐፉ አለቆቹ ስለ ከለከሉት የታተመው እርሱ በሞተበት በ1955 ነው። አሳቡም ግዑዙ ወደ ሕይወት፣ ሕይወትም ወደ አእምሮ እያደገ መጣ፤ ኋላም ሁሉ በክርስቶስ ይጠቀለላል የሚል ነው።

የሚመሰገንበት አለ፤ ዐፅሙን አልናቀም። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር በተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት በሆነው በድንቅነሽ የሚያፌዙ ሰባክያን ከርሱ ቢማሩ መልካም ነበር። የቅኔ ተማሪ እንደሚያውቀው ሰሙ ከፈረሰ ወርቁ መቆሚያ የለውም። 5500ውም ዘመን ለአዳም የተሰጠውን የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ አንዱን ቀን ሺህ ዓመት አድርጎ የሚቈጥር የድኅነት ሒሳብ ነው፤ የዐፅም ዕድሜ ቢለኩበት አይደርስም። ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ይሻላል።

የቴያር ጉድለት ሌላ ነው፤ ሰሙንና ወርቁን አቅልጦ አንድ አደረጋቸው። ሊቃውንት ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ነፍስም ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት መሆኗን ለይተው ያስተማሩት በከንቱ አይደለም። ሥጋ ከየት መጣ የሚለው በዐፅም ይመረመራል፤ ሰው ለምን ተፈጠረ ለሚለው ግን ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ ተብሎ ተመልሷል፤ ይህም ለመጀመሪያው ሰው እንደ መጨረሻው ሰው ነው። በቴያር ዘንድ ግን ዓላማው ከመንገዱ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ከሆነ በመንገድ የወደቁት ምንድር ናቸው? በክርስትናው ማግስት የሞተው ሕፃንስ? መጽሐፉ ስለ ክፉ ነገር ለብቻው የሚናገረው በመጨረሻ በተጨመረች አንዲት አጭር ክፍል ነው፤ በአዳም ታሪክ ግን መካከሉ ውድቀትና ተስፋ ነው።

ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ የወለጋ ተማሪ ይህን መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል፤ ያችን አጭር ክፍል ግን አስቀድሞ ያንብባት።