መንዙማው ደረሰን፤ ሸሁስ?



በሲሪንቃና በመርሳ ወጣቶች ስልክም ሆነ በሪያድና በጅዳ ባሉ የሀብሩ ልጆች እጅ ዛሬ የወሎ መንዙማ ሞልቷል። በዩቲዩብ ይታያል፣ በቴሌግራም ይተላለፋል። ይህም አረጋውያንን ከወጣቶች ጋር አገናኘ ሲባል እንሰማለን። በርግጥ አገናኝቷልን? የሚለቀቀውን ነገር ራሱን እንመርምረው።

አብዛኛው ቅጂ የሚጀምረው ከአዝማቹ ነው። የመክፈቻው ዱዓ ተቆርጧል። የሸሁ ስም የለም፤ የቀራጩ ስምና ስልክ ቁጥር ግን ከዳር እስከ ዳር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። (መንዙማ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለዑለሞች እንተወው፤ የዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነው።)

የሚጎድለው ስም ብቻ አይደለም። ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በዐፄ ዮሐንስ በተገደደበት ዘመን፣ እምቢ ያሉ ዓሊም ናቸው። በዐማርኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ ተጽፈው ቆይተውናል። ያንን ዘመን ያልተነገረው ልጅ የጭንቅ ዱዓውን ዜማ ብቻ አድርጎ ይሰማዋል። ምን ያድርግ!

ስለ ዐጀሚ ካነሳን አይቀር፣ ቁርኣን የቀራ ልጅ ፊደሉን ይለየዋል። ነገር ግን እንደ «ጨ» እና «ጰ» ያለው ድምፅ በዐረብኛ ስለሌለ ቃሉ ላይ ይደናቀፋል። ቃሉን የሚያውቁት አያቱ ናቸው፤ የእርሳቸው ዐይን ደግሞ ደክሟል። አንዱ ያለ ሌላው አያነበውም። ስለዚህ እኔ የማደንቀው ሸሁ መሐል ላይ ቆም ብለው አንድ ቃል የሚፈቱበትን፣ ልጁም የሚጠይቅበትን ቅጂ ነው። ረዘመ፣ አሰለቸ የሚሉ አሉ። ባለ ሁለት ደቂቃውን ሁሉ በእርሱ ብለውጥ አይቆጨኝም።

ደግሞም መረቡ አደራ አይችልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኢሞ የእናቷን ድምፅ ትሰማ የነበረች የዐረብ አገር ሠራተኛ ያን ጊዜ አትረሳውም። ቴሌግራም ላይ ብቻ የተቀመጠ መንዙማም እንዲሁ ከሲሪንቃ ሰው ራቀ።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልኩን ይዞ ሸሁ ዘንድ ሲሄድ አስቀድሞ ስማቸውን፣ መንዙማው የማን እንደሆነና ከማን እንደተማሩት ይጠይቅ፤ መልሳቸውንም ይቅረጽ። ሳይቆረጥም በሚሞሪ ካርድ ገልብጦ አንዱን እዚያው ቤታቸው ይተውላቸው።